ታፔላው ወርዶ ስሙ የቀረላት ከተማ

ከቦሌ ዋና መንገድ ወደ ውስጥ በሚገቡት ጸጥ ያሉ ቅያሶች፣ በአሮጌ ቪላ የብረት በር ወይም በልብስ ሰፊ ግድግዳ ላይ፣ በ61 ወይም በ62 የሚጀምር ባለስድስት አሃዝ የስልክ ቁጥር አልፎ አልፎ ዓይን ውስጥ ይገባል። ቀለሙ ለቋል፤ ዝገቱ ከጠርዝ ተነሥቶ ወደ ፊደሉ እየተጠጋ ነው። ዛሬ በዚህ ቁጥር የሚደውል ሰው ማንንም አያገኝም። ቁጥሩ ግን ታፔላው መቼ እንደተጻፈ ይመሰክራል። የአዲስ አበባ መደበኛ ስልክ በመስከረም 1998 ዓ.ም. ከስድስት ወደ ሰባት አሃዝ ሲያድግ በ61 ይጀምር የነበረው የቦሌ ስልክ ከፊቱ 6 ተጨምሮለት በ661 መጀመር ያዘ፤ የከተማዋ መለያም ከ01 ወደ 011 ተለወጠ። ስለዚህ ስድስት አሃዝ ብቻ የያዘ ታፔላ ከተጻፈ ሃያ ዓመት ደርሷል፣ ወይም አልፏል።

የከተማን ጽሑፍ ማንበብ የለመደ ሰው በዚህ ዘዴ ብዙ ርቀት ይሄዳል። ሞባይል ኢትዮጵያ የገባው በ1991 ዓ.ም. ነው፤ በ09 ጀምሮ ስድስት አሃዝ ብቻ የሚያስከትል ቁጥር ካየ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት አገኘ ማለት ነው። በ07 የሚጀምረው ቁጥር የሳፋሪኮም ነው፤ ኩባንያው አዲስ አበባ ላይ አገልግሎት በይፋ የጀመረው በመስከረም መጨረሻ 2015 ዓ.ም. ስለሆነ ታፔላው ከዚያ ወዲህ ያለ ነው። ከገንዘብ ተቀባዩ መስኮት በላይ የቴሌብር የክፍያ ቁጥር ከተለጠፈ ደግሞ ከግንቦት 2013 ዓ.ም. አይቀድምም። «ፖ.ሣ.ቁ.» ብሎ የሚጀምረው መስመር ከሁሉም የጠና ነው። ደብዳቤ እቤት ድረስ በማይመጣበት ከተማ የአንድ ድርጅት ትክክለኛ አድራሻ የፖስታ ሣጥኑ ነበርና፣ ሰው ከሱቁ ስም ቀጥሎ የሚያነበው እሱን ነበር።

ለዚህ ሁሉ አዲስ አበቤው ያለው ቃል «ታፔላ» ነው። «የማስታወቂያ ሰሌዳ» በደብዳቤ ላይ ያምራል፤ በአፍ ግን ሱቅ የሚከፍት ሰው «ታፔላ አሠራሁ» ይላል። የታክሲ ረዳትም ጣሪያው ላይ የተተከለውን፣ የተመደበበትን መስመር የሚያሳየውን ምልክት የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። ቃሉ ከጣልያንኛው «ታቤላ» የመጣ ነው። ታፔላው የሚሠራበት ላሜራም ቃሉ ጣልያንኛ ነው፤ የመኪናው ታርጋም እንዲሁ። ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ዳር በነጭ ቀለም «ጎሚስታ» የሚል ጽሑፍ የለበሰ ያረጀ ጎማ በቁሙ ተተክሎ ይታያል። ከሱ አለፍ ብሎ «ካሮሴሪያ» የሚል ቆርቆሮ ተሰቅሏል። እነዚህ ቃላት ከተማዋ ውስጥ ቤተኛ ከሆኑ ብዙ ዘመን አልፏቸዋል፤ ጎሚስታውን ጣልያንኛ ተናገርክ ቢሉት ይገረማል።

ታፔላ ሰፈር ሲወልድ ከካዛንቺስ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። የጣልያን መንግሥት ለሠራተኞቹ ቤት የሚሠራለት ተቋም ነበረው፤ በአህጽሮት «ኢንቺስ» ይባላል። በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ የተሠሩት የተቋሙ ቤቶች በጣልያንኛ «ካዜ ኢንቺስ» ነበሩ። ወራሪው ተባረረ፤ ተቋሙም ተረሳ። ከተሜው ሁለቱን ቃል አንድ ላይ አጣብቆ ካዛንቺስ አለው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የሰፈሩ አሮጌ ቤቶች በሰፊው ፈረሱ፤ ግድግዳው፣ በሩ፣ የበሩ ቁጥር ሁሉ ተነሣ። ከመገናኛ የሚነሣው ታክሲ ረዳት ግን እስከ ዛሬ የሚጠራው ካዛንቺስን ነው። ከመሥሪያ ቤት ምህጻረ ቃል ተነሥቶ ለሰማንያ ዓመት ያህል በአፍ የኖረ ስም ነው።

የምሥራቁ አዲስ አበባ፣ ከኡራኤል እስከ አያት፣ ከቦሌ እስከ ጎሮ ያለው፣ የሰፈሮቹን ስም ያገኘው በአመዛኙ በዚህ መንገድ ነው። ግን ከፊደል በፊትም ታፔላ ነበረ፤ አሁንም አለ። ከአስፋልት ወጣ ባለ መንደር፣ ኮረብታው ሥር፣ ረዘም ያለ እንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ተደፍቶ ከታየ በዚያ ግቢ ጠላ ይሸጣል። ማንም አያስረዳም፤ ማንም አይጠይቅም። የኮባ ቅጠል የተንጠለጠለበት መስኮት ጫት ቤት ነው፤ ቅጠሉ ጫቱን ከፀሐይ ይጠብቃል፣ ገዢንም ይጠራል። በመንገድ መሀል የተተከለ ድንኳን ሐዘን ወይም ሠርግ መኖሩን ይናገራል፤ የትኛው እንደሆነ የሰፈሩ ሰው ከድንኳኑ ፊት ከተቀመጡት ሰዎች አቀማመጥ ያውቀዋል። የጣሳው ምልክት ከእነዚህ ሁሉ በላይ ሊከበር ይገባዋል። ፊደል ላልቆጠረ ሰው የተሠራ ነው፤ ከሩቅ ይታያል፤ ጠላው ሲያልቅም ጣሳው ይወርዳል። የዛሬ የመብራት ማስታወቂያዎች ግን ሱቁ ከተዘጋ በኋላም ሲያበሩ ያድራሉ።

የመሬቱ ስሞችም የራሳቸው ታፔላ ናቸው። ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ቀይ ጉብታ ማለት ነው፤ ለገጣፎ ውስጥ ያለው «ለገ» ወንዝ ነው። የቦታውን መልክ ያየ ሰው የሰጣቸው ስሞች ናቸው። ጉርድ ሾላም እንዲሁ በአማርኛ፦ የተቆረጠ ሾላ። ዛሬ ከጉርድ ሾላ የባቡር ጣቢያ የሚወርድ ሰው የሚያየው ፎቅ፣ አስፋልትና ድልድይ ነው፤ ስሙ ግን በየቀኑ ስለ አንድ ዛፍ መቆረጥ ይናገራል።

ቦሌ ራሷ ወደ ከተማነት የገባችው በአውሮፕላን ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ጄቶችን ለማስገባት ሲነሣ የልደታው አውሮፕላን ማረፊያ አልበቃውም፤ በምሥራቅ ሜዳው ላይ ሌላ ተሠራ። የመጀመሪያዎቹ ቦይንግ 720 ጄቶች የደረሱት በ1955 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የአፍሪካ መሪዎች የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ሊመሠርቱ መጡ፤ ከአውሮፕላን ወርደው ወደ መሀል ከተማ የገቡት በቦሌ መንገድ ነው። መንገዱ በኋላ «አፍሪካ ጎዳና» ተባለ። በዙሪያው ያሉትም የካሜሩን፣ የናሚቢያ፣ የጅቡቲ እየተባሉ ስም ወጣላቸው፤ በየማዕዘኑም ምሰሶ ላይ ተጻፈ።

እነዚህ ስሞች ክብር አላቸው፤ ሐሳቡም ትልቅ ነበር። ነገር ግን ቦሌ ውስጥ ለታክሲ ሹፌር «ካሜሩን መንገድ ውሰደኝ» የሚል ሰው አይገኝም። «መድኃኔዓለም ጋ»፣ «አትላስ ጋ»፣ «ብራስ ጋ»፣ «ሩዋንዳ ጋ» ይባላል። አትላስ ሆቴል ነው፤ ሩዋንዳ ደግሞ ኤምባሲ ነው። ደምበል በ1990ዎቹ የተከፈተ የገበያ ማዕከል ነው፤ ስሙን የወሰደው ከዝዋይ ሐይቅ ሌላኛው መጠሪያ ነው፤ እነሆ ሐይቁ ቦሌ መንገድ ላይ የታክሲ ፌርማታ ሆነ። መገናኛ ላይ የነበረው አደባባይ የወጣለት ስም «ዲያስፖራ አደባባይ» ነበር፤ የሚያውቀው ጥቂት ነው። ከኡራኤል እስከ መገናኛ ያለው መንገድ ዛሬ በሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ስም ይጠራል፤ ጠና ያሉ ሰዎች ግን አሥመራ መንገድ ማለትን አልተዉም፣ ወደ ደሴና ወደ አሥመራ የሚያወጣው እሱ ነበርና። እዚህ ላይ ሁለቱም ስም የሚገባው ነው። አንዱ መንገዱ የሚያደርስበትን ይነግራል፤ ሌላው በመንገዱ የሚኮራውን።

የሚያሳዝነው የሚኪ ሌላንድ መንገድ ነው። ሚኪ ሌላንድ የቴክሳስ ሰው፣ የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ነበር፤ በረሃብ ዘመን ስለ አፍሪካ የሚሟገት። ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ፉኝዶ የስደተኞች ካምፕ ሲበር የተሳፈረበት አውሮፕላን ተራራ ላይ ተከሰከሰ፤ አብረውት የነበሩት 15 ሰዎችም ሁሉም አለቁ። መንገዱ በስሙ የተሰየመው በዚህ ምክንያት ነው። ሰዉ ግን ሰፈሩን ቺቺኒያ ይለዋል፤ በካውካሰስ ተራሮች ባለችው፣ በጦርነቷ ዜና ትነገር በነበረችው አገር ስም። ምሽት ላይ ሙዚቃው ከየበሩ ሲወጣ፣ በዚያ መንገድ ከሚያልፉት መካከል ምሰሶው ላይ ያለውን ስም የሚያነቡ ጥቂት ናቸው። ሰውየው ሊረዳቸው ሲሄድ የሞተላቸው ወገኖች አገር ናትና፣ ስሙን የሚያነብ ቢበዛ መልካም ነበር።

የቤት ቁጥር ታፔላ ሌላ ታሪክ ያወራል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን ቀበሌ ተቋቋመ፤ ከተማዋ በከፍተኛና በቀበሌ ተከፋፈለች፤ በየበሩም ትንሽ ቆርቆሮ ተመታ። ከዚያ ከፍተኛው ወረዳ ተባለ። በ1995 ዓ.ም. አሥር ክፍለ ከተሞች መጡ፤ ቀጥሎ ቀበሌው ቀርቶ ወረዳ የሚለው ስም እንደገና ተመለሰ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ አሥራ አንደኛው፣ ለሚ ኩራ፣ ተጨመረ። ቤቱ ከቦታው ሳይነቃነቅ አድራሻው አራት ጊዜ ተለወጠ። አሮጌ በሮች ላይ የሚታየው ይኸው ነው፦ አንዱ ቆርቆሮ ሳይነቀል ሌላው ከጎኑ ይመታል፣ ሦስተኛው በቀለም ይጻፋል። ባለቤቱ የድሮውን የማይነቅለው ለምን እንደሆነ አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ያለው ሁሉ ይገባዋል። ካርታ ቢጠፋ፣ ክርክር ቢነሣ፣ በሩ ላይ ያለችው ቆርቆሮ ምስክር ናት።

ቁጥሮቹም ወደ ስምነት አድገዋል። «ከፍተኛ 17» የሚባል አስተዳደር ዛሬ የለም፤ ቦሌ 17 ጤና ጣቢያ ግን አለ። ሃያ አራት የቀበሌ ቁጥር ነበር፤ አሁን ሰፈር ነው። ኮተቤ 02ም እንዲሁ። ሃያ ሁለት ማዞሪያ ማዞሪያነቱ ቢቀርም ስሙን አልለቀቀም። የቀበሌ ሰሌዳው ከወረደ ዘመን አልፏል፤ ቁጥሩ በሰው አፍ ውስጥ መኖሪያ አግኝቷል።

ይህን የአፍ ስም መንግሥት ራሱ ፈርሞ የተቀበለበት አንድ አጋጣሚ አለ፤ እሱም ቀላል ባቡሩ ነው። ከጦር ኃይሎች እስከ አያት ያለው መስመር ጥቅምት 29 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ለጣቢያዎቹ ስም ያስፈልግ ነበር። የአገር ስም፣ የጀግና ስም ማውጣት ይቻል ነበር። የተጻፈው ግን ሰው የሚጠራው ነው። ባምቢስ፦ የግሪክ ስም የያዘ ሱፐርማርኬት። ለም ሆቴል፦ ሆቴል። ሲኤምሲ፦ በደርግ ዘመን እዚያ ቤቶች የሠራ የጣልያን የግንባታ ኅብረት ሥራ ማኅበር ምህጻረ ቃል፤ ማኅበሩ በራቬና ከተማ የተመሠረተ የግንበኞችና የሲሚንቶ ሠራተኞች ማኅበር ነው። አያት፦ የሪል እስቴት ድርጅት። የመስመሩን ምሥራቃዊ ግማሽ የጣቢያ ስም በተራ የሚያነብ ሰው የቦታውን ታሪክ አነበበ ማለት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን፣ ሱቅ፣ ሆቴል፣ ዛፍ፣ ኩባንያ። ሱፐርማርኬቱ ቢዘጋ፣ ሆቴሉ ቢሸጥ፣ የጣቢያው ሰሌዳ አይወርድም። የኢትዮጵያ ታፔላ ታሪክ የሚጽፍ ሰው አንድ ቀን ቢነሣ፣ ለእነዚያ የጣቢያ ስሞች አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሊሰጥ ይገባል።

የሱቅ ታፔላ ግን እንደ ጣቢያ ሰሌዳ ዕድሜ የለውም፤ ለዚህ ነው ቶሎ ማየት የሚያስፈልገው። ከሥጋ ቤት ይጀመር። ቀይና ነጭ ቀለም፣ ከበሩ በላይ የቆመ ሰንጋ፣ ዓይኑ ወደ መንገደኛው ያየ። ከጎኑ መስቀል ካለ የክርስቲያን ሥጋ ቤት ነው፤ ጨረቃና ኮከብ ካለ የሙስሊም። የሃይማኖት ልዩነት በአንድ ምልክት፣ ያለ ክርክር፣ በሩ ላይ ይፈታል። ጭማቂ ቤት አቮካዶና ማንጎ ያሥላል፤ የወንዶች ፀጉር ቤት ጎኑን ያሳየ፣ ፀጉሩ በጥንቃቄ የተከረከመ ወጣት ያሥላል፤ የፀጉሩ አቆራረጥ የሠዓሊውን ዘመን አይደብቅም። «ግሮሰሪ» የሚል ሲያይ እንግዳ ሰው ስኳርና ዘይት የሚገዛ ይመስለዋል፤ ሲገባ የሚያገኘው ቢራ፣ ጂን እና የቆሙ ጠጪዎች ናቸው። ቃሉ በአዲስ አበባ ትርጉሙን ቀይሯል። ቡና ቤትም ቢሆን ስሙ ቡና ይሁን እንጂ ሥራው የመጠጥ ነው፤ ቡና የፈለገ ካፌ ይሄዳል።

ኳስ የሚያሳዩ ቤቶች በር ላይ የሚቆመው ጥቁር ሰሌዳ ከእነዚህ ሁሉ ሕያው ነው። በጠመኔ የቡድኖቹ ስም፣ በመሀል «ከ»፣ ከዚያ ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር፤ የእንግሊዝ ጨዋታ ማታ 1:30፣ ወይም ሌሊት 5:00። በየቀኑ ይደመሰሳል፣ በየቀኑ ይጻፋል። ጸሐፊው ብዙ ጊዜ የቤቱ አስተናጋጅ ነው፤ እጅ ጽሑፉ ያማረ ከሆነ ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል። በግንቦት ሊጉ ሲዘጋ ሰሌዳው ባዶውን ይቆማል፤ ወይም የምግብ ዝርዝር ይጻፍበታል።

ክልከላም የራሱ ሥነ ጽሑፍ አለው። «በዚህ አጥር ሥር መሽናት በሕግ ያስቀጣል»፣ «ቆሻሻ መጣል ክልክል ነው»፣ «ኃይለኛ ውሻ አለ»። አንዳንዱ የቅጣቱን ብር ይጽፋል፤ ብሩ በዘመኑ ልክ ሲወጣ ቀድሞ የነበረው ቁጥር ከሥሩ ተሰርዞ ይታያል። በየሱቁ መደርደሪያ ላይ ደግሞ ዱቤን የሚከለክለው ወረቀት አለ፤ ነገን የሚቀጥር፣ ደንበኛን ሳያስቀይም የሚመልስ፤ ባለሱቁ በአፉ ለመናገር የሚያፍረውን ወረቀቱ ይናገርለታል።

ይህን ሁሉ የጻፉት እጆች ስማቸው ብዙም አልተመዘገበም። አገሪቱ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቷን በሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም አማካይነት በ1950 ዓ.ም. አቋቋመች፤ ከዚያ የወጡት ለኤግዚቢሽን ሠሩ፣ ለመንግሥት ፖስተር ሠሩ፤ አንዳንዶቹም ለታፔላ። አብዛኛው የታፔላ ሠዓሊ ግን ትምህርቱ ሌላ ሠዓሊ ጋ ቀለም መበጥበጥ ነው። ላሜራው ይቆረጣል፣ ጠርዙ ይታጠፋል፣ መሠረት ቀለም ይቀባል፤ ሲደርቅ በእርሳስና በማስመሪያ መስመር ይሰመራል፣ ፊደሉ ይነደፋል፣ ከዚያ በዘይት ቀለም ይሞላል። የግዕዝ ፊደል ለዚህ ሥራ ቀላል አይደለም። የ«ጨ»ን እግር፣ የ«ሟ»ን ቅጥያ፣ የ«ፏ»ን ጎን አስተካክሎ ከ«ለ» ጋር እኩል እንዲቆም ማድረግ ዓይን ይፈልጋል። ጎበዙ በፊደሉ ቀኝ ጥላ ያወርዳል፤ ፊደሉ ከላሜራው የተነሣ ይመስላል። ከታች ጥግ ላይ ስሙንና ስልኩን በትንሹ ይጽፋል፤ ያቺ ትንሽ ጽሑፍ የሥዕሉ ፊርማ ናት፤ የሚቀጥለው ሥራው ማስታወቂያም እሷ ናት።

የፊደሉ አጻጻፍም ዘመን ይናገራል። «ሥጋ» በንጉሡ ሠ፣ «ፀጉር» ወይም «ጸጉር»፣ «ዐዲስ» በዓይኑ ዐ፤ የቤተ ክህነት ትምህርት የቀመሰ ሠዓሊ የሚጽፈው ከሌላው ይለያል። ኮምፒውተር ሲመጣ ይህ ቀለለ፣ ግን ደበዘዘ። ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ የጽሕፈት ሥራውን ያዙት፤ ማይክሮሶፍት በ1999 ዓ.ም. ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ኒያላ የተባለውን ፊደል ሲያወጣ ደግሞ ከመገናኛ እስከ ገርጂ አንድ ዓይነት ፊደል በየባነሩ ላይ ተዘረጋ። ባነር በአንድ ሰዓት ታትሞ ይወጣል፤ ዋጋውም ይቀንሳል፤ ባለሱቅ ቢመርጠው አይፈረድበትም። ፀሐይ ሲመታው ግን በጥቂት ዓመት ቀይ ቀለሙ ይሸሻል፣ ሰማያዊው ብቻ ይቀራል። የላሜራው ቀለም ሠላሳ ዓመት ይቆያል።

ቦሌ ላይ የውጭው ዓለም ታፔላም ቀድሞ ይታያል። ካልዲስ ኮፊ በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ክብ አረንጓዴ አርማውን ሲሰቅል የአሜሪካ ጋዜጦች ሳይቀሩ ጽፈውበታል፤ አርማው የስታርባክስን ስለሚያስታውስ። ስሙ ግን የራሳችን ነው፤ ፍየሎቹ ሲዘሉ አይቶ ቡናን ያወቀው የእረኛው ካልዲ። ቶሞካም ቦሌ ውስጥ ቅርንጫፍ ሲከፍት ይዞት የመጣው የፒያሳውን ስም ነው፤ እሱም የጣልያንኛ ቃላት መጀመሪያ ፊደሎች ጥርቅም ሲሆን ዘመናዊ ቡና መቁያ እንደማለት ነው። ቡና ለመጠጣት የሚገባው ሰው ያንን ሳያውቅ «ቶሞካ» ይላል፤ ካዛንቺስ እንደሚለው።

ታፔላ በሕግም ይወርዳል። የቢራ ፋብሪካዎች ለየግሮሰሪው ታፔላ በነጻ እያሠሩ፣ አርማቸው ትልቅ፣ የቤቱ ስም ትንሽ ሆኖ ከተማውን ሸፍነውት ነበር፤ ለምሳሌ የጊዮርጊስ ፈረሰኛ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1112፣ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን፣ ከትላልቅ የመንገድ ሰሌዳዎችም አገደ፤ ቦሌ መንገድ ላይ የነበሩት ግዙፍ የቢራ ሥዕሎች በባንክና በስልክ ማስታወቂያ ተተኩ። ሕጉ የወጣው ለኅብረተሰብ ጤና ነው፤ ተገቢም ነው።

በ2016 ዓ.ም. የጀመረው የኮሪደር ልማት ያመጣው ለውጥ ከዚያ ሁሉ ይበልጣል። ከቦሌ አየር ማረፊያ እስከ መገናኛ ያለው መንገድ የመጀመሪያው ዙር አካል ነበር። የእግረኛ መንገዱ ሰፋ፣ አምፖሎች ተተከሉ፣ የፊት ለፊት ገጾች አንድ ወጥ ሆኑ፤ በዚህ መካከል የተለያየ መጠንና ቀለም የነበራቸው ታፔላዎች ወረዱ። መንገደኛው በእርግጥ የተሻለ መንገድ አግኝቷል። ያጣው ደግሞ አለ። የአንድ ጎዳና ታፔላ ሁሉ በሳምንታት ውስጥ ሲወርድ፣ ሠላሳና አርባ ዓመት እዚያ የቆመው የእጅ ሥዕል ወደ ቆርቆሮ ገዢ፣ ወደ ቆራሌው ከረጢት ይሄዳል። ከመውረዱ በፊት አንድ ፎቶ ማንሳት ወጪ አልነበረውም። ሙዚየም መሥራት ሳይሆን፣ ወረዳው አንድ ሰው ካሜራ ይዞ በየበሩ እንዲያልፍ ቢያደርግ በቂ ነበር። ቤት ሲፈርስ የቤቱ ካርታ ይያዛል፤ ታፔላውስ የሰፈሩ ካርታ አልነበረም?

በራሱ ፈቃድ ካሜራ ይዞ የሚዞር ሰው ቢኖር ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። መንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ኤምባሲዎች አጠገብ ፎቶ ማንሳት ክልክል መሆኑን የሚናገር ምልክት ተለጥፏል፤ ቦሌ ደግሞ በኤምባሲ የተሞላች ናት። ጥበቃውን ቀድሞ ሰላም ማለት፣ ባለሱቁን «አባቴ፣ ይህችን ታፔላ ማን ሠራልዎት?» ብሎ መጠየቅ ከሌንሱ ይበልጣል። ሽማግሌው ባለሱቅ ብዙ ጊዜ መልሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር አይጨርስም፤ ሠዓሊው የት ይኖር እንደነበር፣ ስንት ብር እንደተከፈለው፣ በዚያን ጊዜ መንገዱ ኮረኮንች እንደነበር ይተርካል። ያ ትረካ ከታፔላው ጋር ካልተቀዳ ቆርቆሮው ብቻውን ግማሽ ነው።

ሰው አሁን ወደ ምሥራቅ እየሄደ ነው። በቦሌ አራብሳና በሰሚት ኮንዶሚኒየሞች ላይ የሕንፃው ቁጥር በአራተኛው ፎቅ ከፍታ በጥቁር ቀለም ተጽፏል፤ «ብሎክ» ብሎ ቁጥሩን ያስከትላል። ነዋሪው አድራሻውን የሚናገረው በብሎኩ ነው፤ አያት ውስጥ ደግሞ «49 ማዞሪያ» የሚባል ቦታ ታክሲ ጥሪ ውስጥ ገብቷል። በብሎኮቹ ሥር ባሉት ሱቆች በር ላይ የተለጠፉት ታፔላዎች ገና አዲስ ናቸው፤ ባነር፣ ጥቂት ላሜራ፣ አንዳንድ የመብራት ሣጥን። ከአንዱ ጥግ ጎሚስታው ያረጀ ጎማውን አቁሞ በነጭ ቀለም ሥራውን ጽፏል፤ ከሥሩም ስልኩን፣ በ07 የሚጀምር።